ፓምፕ ወይስ ሰሚ አውቶማቲክ? ሁለቱንም ሾትጋን ገዝቼ የተማርኩት

ገና በቅጡ አልነጋም። ውሃው ዳር ሸምበቆ ውስጥ ተቀምጠናል። እጄ ላይ ፓምፕ ሾትጋን አለ፤ ሾትጋን ብዙ ጥቃቅን እንክብል በአንዴ የሚተፋ የአደን ጠመንጃ ነው። ሦስት ዳክዬዎች ዝቅ ብለው መጡ። ተነሣሁ፣ አነጣጠርኩ፣ ተኮስኩ፣ ሳትኩ። ችግር የለም፣ ሁለተኛ ጥይት አለ። የፓምፑን እጀታ ሳብ መለስ አድርጌ ቃታውን ስስብ "ቀጭ" አለ። በቃ፣ ቀጭ ብቻ። ዳክዬዎቹ ሄዱ።

አደን ያስለመዱኝ ሽማግሌ አጠገቤ ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። አልሳቁም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ጎትተህ አልጨረስክማ" አሉኝ። "ግማሽ መንገድ ላይ መለስከው። ቀለሁ ወጥቷል፣ አዲሱ ግን አልጎረሰም።"

የዚያን ቀን ማታ "ፓምፕ በቃኝ፣ ሰሚ አውቶማቲክ እገዛለሁ" ብዬ ወሰንኩ። ገዛሁም። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ዛሬ ሁለቱም አሉኝ። የምጠቀምባቸው ግን አብዛኛው ሰው ከሚመክረው በተገላቢጦሽ ነው።

ፓምፕ ሥራውን ሁሉ ለክንድህ የተወ መሣሪያ ነው። በርሜሉ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ኋላ ስትስብ የተተኮሰው ቀለህ ይወጣል። ወደ ፊት ስትገፋ አዲስ ጥይት ይጎርሳል። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ብዙም አይበላሽም፣ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከሰሚ አውቶማቲኩ ይረክሳል። ሬሚንግተን 870 የሚባለው ፓምፕ በፈረንጆቹ 1950 ወጥቶ ከ11 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ሞስበርግ 500ም በ1960ዎቹ መጀመሪያ መጥቶ እስካሁን አለ። ፓምፕ ጥይት አይመርጥም። ቀላሉንም ከባዱንም የሚያወጣው የአንተ ክንድ ነው እንጂ የጥይቱ ጉልበት አይደለም።

ሰሚ አውቶማቲኩ ቃታ በሳብክ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኩሳል፤ ማውጣቱንና ማጉረሱን ራሱ ይጨርሳል። ለዚህ የሚሆነውን ጉልበት ከጥይቱ ላይ ይቀንሳል። አንዳንዱ በርሜሉ ላይ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ጥቂት ጋዝ ወስዶ ፒስተን ይገፋል። ሌላው፣ የጣሊያኑ መሣሪያ ሠሪ ቤኔሊ የታወቀበት ዓይነት፣ መሣሪያው ሲራገጥ በሚታመቅ ጠንካራ ሞላ ይሠራል። የጋዙ ዓይነት ትከሻ ላይ ለስለስ ይላል፣ ግን ቶሎ በጥላሸት ይቆሽሻል። የሞላው ዓይነት ንጹሕ ነው፣ ግን ርግጫው ጠንከር ይላል። እኔ የገዛሁት የጋዙን ነው።

የመጀመሪያው ቀን ፍቅር ነበር። ያው 12 ጌጅ (የበርሜሉ ስፋት መጠሪያ ነው)፣ ያው ጥይት፣ ርግጫው ግን የተለየ። ፓምፑ ትከሻዬን ሲያጠቁረው የኖረውን ያህል ይሄኛው ገፋ አድርጎ ይተወኛል። ጋዙ ርግጫውን ጨርሶ አያጠፋውም፤ በጊዜ ዘርዘር አድርጎ ስለሚያደርሰው ነው የሚለሰልሰው።

በሁለተኛው ሳምንት ለልምምድ ርካሽ ጥይት ገዛሁ፣ ባለ 24 ግራም፤ ግራሙ በውስጡ ያለው እንክብል ክብደት ነው። ሰባተኛው ላይ ነከሰ። ቀለሁ መውጫው ላይ ተቀርቅሮ፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ ቀረ። አወጣሁት፣ ሁለት ተኮስኩ፣ እንደገና ነከሰ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ወደ ሻጩ ልመልሰው ሁሉ ተነሥቼ ነበር። ጋሼ ባለ 32 ግራም የአደን ጥይት ሰጡኝና አንድ ሳጥን ጨረስኩ። አንድም አልነከሰም። ለካ ቀላሉ ጥይት ፒስተኑን እስከ መጨረሻው የሚገፋ ጋዝ አልነበረውም። ሁሉም የጋዝ ሾትጋን እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ 24 ግራም ያለ ችግር የሚያላምጡ አሉ። የእኔው ግን አይደለም፣ ይህንንም ሳልጠይቅ ነው የገዛሁት።

ነገሩ አዲስም አይደለም። አሜሪካዊው የመሣሪያ ፈልሳፊ ጆን ብራውኒንግ በፈረንጆቹ 1900 የባለቤትነት መብት ያገኘበት አውቶ 5 የሚባለው ሰሚ አውቶማቲክ ሾትጋን በርሜሉ ራሱ ወደ ኋላ እየሄደ የሚሠራ ነበር። ውስጡ ያሉትን የማፈኛ ቀለበቶች ለቀላል ጥይት አንድ ዓይነት፣ ለከባድ ጥይት ሌላ ዓይነት አድርገህ ትደረድራቸዋለህ። ከረሳህ ወይ አያጎርስም፣ ወይ መሣሪያውን ትጎዳዋለህ። እኔ ከመቶ ዓመት በኋላ መጥቼ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ።

ሁለተኛው ጥፋት የራሴ ስንፍና ነው። አንድ የአደን ወቅት ሙሉ ሳልፈታው ተጠቀምኩበት። "ዘይት በዛ ካደረግኩለት ይበቃዋል" አልኩ። አንድ ብርዳማ ጠዋት ቦልቱ፣ ጥይቱን የሚያጎርሰውና ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ እንደ ሰካራም እየተጎተተ ሄዶ ሳይዘጋ ቆመ። ቤት ገብቼ ስፈታው ፒስተኑ ላይ ያለው ጥላሸት ከወፍራሙ ዘይት ጋር ተለውሶ ጥቁር ሊጥ ሆኗል። አሁን ከእያንዳንዱ አደን በኋላ እፈታዋለሁ፣ እወለውለዋለሁ፣ ዘይቱን በጣም በስሱ ነው የምቀባው። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ቤትን ከሌባ ወደ መጠበቁ ጉዳይ ልምጣ፤ ሐሳቤን የቀየረው እሱ ነው።

የተለመደው ምክር "ፓምፕ ለቤት፣ አውቶማቲክ ለአደን" ነው። እኔም እንደዚያ አደረግኩ። ፓምፑን ለቤት መደብኩት። ከምክሩ ጋር ሁልጊዜ የምትመጣ አንዲት ወሬም አለች፦ ሌባ የፓምፕ ድምፅ ሲሰማ ይሸሻል ትላለች። ምናልባት ይሸሽ ይሆናል። ምናልባትም የት እንዳለህ ነግረኸው ይሆናል። በድምፅ ተማምኜ መሣሪያ አልመርጥም።

ቤት ውስጥ ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። ባለቤቴ አለች። አንድ ቀን ተኩስ መለማመጃ ቦታ ሄድንና ፓምፑን ሰጠኋት። ሰደፉ ለክንዷ ረዝሟል። እጀታውን ለመሳብ መሣሪያውን ከትከሻዋ ታወርደዋለች፣ ትስባለች፣ መልሳ ትደግፈዋለች። ከአሥር ጥይት ሦስቱ ላይ እኔ ዳክዬው ፊት የሠራሁትን ስሕተት ደገመችው። ቀጭ። ደግሞ ቀጭ። ይህ እንግዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳያስቸኩላት ነው።

አውቶማቲኩን ሰጠኋት። ሃያ አምስቱን ጨረሰች፣ አንዴም ከትከሻዋ አላወረደችውም።

"ይሄኛውን ነው የምፈልገው" አለችኝ። "ያኛው ከእኔ ጋር ይጣላል።"

"እሱኮ የአደን ነው፤ ሊነክስ ይችላል" አልኳት።

"መቼ ነው የሚነክሰው?"

መልስ ልሰጥ አፌን ከፈትኩና ዝም አልኩ። የሚነክሰው ሲቆሽሽ ነው፤ የሚነክሰው የማይስማማው ጥይት ሲገባበት ነው። ቤት ውስጥ ጭቃ የለም። ቤት ውስጥ የሚገባለት ጥይት አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ እሱም የተሞከረ። ጭቃውና ዓይነቱ የበዛ ጥይት ያለው ረግረጉ ላይ ነው። የፓምፑ ድክመት ደግሞ የደነገጠ እጅ ነው። እጅ ከሁሉ በላይ የሚደነግጠው በሌሊት፣ በጨለማ፣ ቤት ውስጥ ነው። ረግረግ ላይ ብደነግጥ አንድ ዳክዬ ነው የማጣው።

እና ቀየርናቸው። አውቶማቲኩ ቤት ቀረ፣ ፓምፑ ከእኔ ጋር ጭቃ ወረደ። ይህ ለእኛ የሠራ ነው፤ ባለቤቴ ቁመቷ ከኔ ቢበልጥና ፓምፕ ቢዋጣላት ሌላ ነገር እጽፍ ነበር።

አውቶማቲኩን ለቤት ለማድረግ ሁለት ነገር ለወጥኩ። 71 ሴንቲሜትር የነበረውን የአደን በርሜል አውርጄ አጠር ያለ ገጠምኩለት፤ ረጅሙ በር ላይ ሲዞሩ ግድግዳ ይመታል። ስለ በርሜል ርዝመትና ስለሚይዘው ጥይት ብዛት ግን መጀመሪያ ሕግ ይጠየቅ። አሜሪካ ውስጥ፣ ለምሳሌ፣ ተሰዳጅ ወፍ የሚያድን ሰው ሾትጋን በጠቅላላው ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይዝ መደፈን አለበት። ሁለተኛው፣ ሰደፉን በባለቤቴ ክንድ ልክ አሳጠርኩት። ለእኔ ትንሽ ያጥርብኛል፣ ግን ያሠራኛል። የረዘመውን ግን እሷ ልትይዘው አትችልም።

ከዚያ የቤታችንን ኮሪደር ለካሁ። ስድስት ሜትር ነው። መለማመጃው ላይ በዚያው ርቀት ወረቀት ሰቅዬ ባለ ዘጠኝ እንክብሉን ትልቁን ጥይት ተኮስኩበት። እያንዳንዱ እንክብል ስምንት ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ውፍረት አለው። ዘጠኙም ከመዳፌ ብዙ ባልበለጠች ቦታ ገቡ። "ሾትጋን ማነጣጠር አያስፈልገውም፣ ክፍሉን ሁሉ ይሞላል" የሚለው ወሬ እዚያ ወረቀት ላይ ሞተ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ይህ እንክብል የጂፕሰም ግድግዳን ወረቀት እንደመብሳት ነው የሚያየው። አንዱን አልፎ ወደ ሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል። የልጆቹ ክፍል ደግሞ በኮሪደሩ ጫፍ ነው። ስለዚህ በዚያ አቅጣጫ መቼም አይተኮስም። ዕቅዳችን ልጆቹን ይዞ አንድ ክፍል መግባት፣ መቆለፍ፣ ፖሊስ መጥራት ነው። መሣሪያው ያንን በር ሰብሮ ለሚገባ ብቻ ነው።

የሚቀመጠው ደግሞ የብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው። መጉረሻው ሁልጊዜ ባዶ ነው። ይህን በተመለከተ ከማንም ጋር አልከራከርም። ብዙ ሾትጋኖች ላይ ሴፍቲው (እንዳይተኩስ የሚቆልፈው) የሚይዘው ቃታውን ብቻ ነው፤ የጎረሰ መሣሪያ ወድቆ ሊተኩስ ይችላል። በርሜሉ ሥር ባለው የጥይት ማከማቻ ቱቦ ውስጥ ያሉትንም በየጥቂት ወሩ እቀያይራቸዋለሁ፤ ፕላስቲኩ በሞላው ተጨፍልቆ ብዙ ሲቆይ ቅርጹ ይበላሻል። ያበጠ ጥይት ደግሞ ማንኛውንም መሣሪያ ያስነክሳል።

ፓምፑንስ? መጀመሪያ መግዛት ሳይሆን መለማመድ ነበር የሚያስፈልገኝ። ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ገዝቼ ማታ ማታ ሃያ ጊዜ እስባለሁ፣ ሃያ ጊዜ እገፋለሁ። እስኪመታ ድረስ ወደ ኋላ፣ እስኪመታ ድረስ ወደ ፊት። ጎረቤት ምን እንደሚያስብ እንጃ።

ባለፈው ወቅት ሸምበቆው ውስጥ ተንሸራትቼ ከነፓምፑ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ጥይቱን አወጣሁ፣ በርሜሉ በጭቃ አለመደፈኑን በብርሃን አየሁ፤ የተደፈነ በርሜል ሊፈነዳ ይችላል። እጀታውን በውሃ አጠብኩት፣ መልሼ አጎረስኩት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለት ዳክዬዎች መጡ። ተኮስኩ፣ ሳትኩ።

"ጎትተህ ጨርስ!" አሉ ጋሼ ከኋላዬ።

ጎትቼ ጨረስኩ። ሁለተኛው ጥይት ጎረሰ፣ ተተኮሰም። እሱንም ሳትኩት።