እሺ እንዲል ጸለይኩ

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ለግሸን ማርያም «ይህን ልጅ ማሪልኝ፤ ደጅሽ ወጥቼ አመሰግናለሁ፣ ለሰውም እመሰክራለሁ» ብዬ ነበር። ደጇን ረግጬ ተመልሻለሁ። የቀረኝ ምስክርነቱ ነው።

ልጁ ዘመዴ አይደለም። ደሴ ውስጥ ብየዳ ይሠራል፤ የሱቄን በር የሠራልኝ እሱ ነው። ስሙን አልጠራም፣ እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል። በሩን ከገጠመልኝ ወዲህ ባለፈ ቁጥር «እታለም፣ በሩ አላስቸገረሽም?» ይለኛል። እጁ የተባረከ፣ ሳቂታ ልጅ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እንደ ብዙዎቻችን ሸሸ። ሲመለስ መበየጃው የለም፣ ብረቱ የለም። ያኔ ነው ጫቱ የበረታው። ድሮም ይቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ሆነ። ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር አረቄ፤ ጨብሲ የሚሉት ማለት ነው። እንቅልፉ ጠፋ። ቆይቶ ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አረቄ ካልቀመሰ ኤሌክትሮድ መያዝ አቃተው። በመጨረሻ ድምፅ መስማት መጣ። «ግድግዳው ውስጥ ሰዎች አሉ፣ ሲሰድቡኝ ያድራሉ» ይላል። አንድ ሌሊት የጎረቤት በር ሲደበድብ አደረ። ሰፈሩ መተት ነው አለ፣ ሰይጣን ነው አለ፣ ጥጋብ ነው ያለም አልጠፋ።

እናቱ ከሐይቅ መጥታ ጸበል ወሰደችው። መጠጡን ባንድ ጊዜ ስላቆመ በማግስቱ ሰውነቱን አንዘፈዘፈው፣ ራሱን ስቶ ወደቀ። አንዳንዱ «ሰይጣኑ ሊለቅ ነው» እያለ እልል አለ። እዚያ ያሉት ካህን ግን እናቱን ለብቻዋ ጠሯት። «ልጄ፣ ጸበሉ አይቀርበትም። ሐኪም ግን ይየው» አሏት። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እሱ እንደሆነ እንደሚናገር ነገሯት። እኚህን አባት እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን። ስንቱ ቤተሰብ ይህን ቃል ከካህን አፍ ለመስማት ይጠብቃል!

እናቱ አመነች። ልጁ ግን እምቢ አለ። ቤቱ ተመልሶ መጠጡን ቀጠለ። «እብድ አይደለሁም፤ አማኑኤል ልታስገቡኝ ነው!» ይላል። እኛ ሀገር የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው የሚያስበው አዲስ አበባ ያለውን አማኑኤል ሆስፒታልን ብቻ ነው። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከርቀቱ በላይ የሚያስፈራው ደግሞ የሰው አፍ ነው።

ጎረምሳ አስሮ መውሰድ ይቻላል የሚሉ ነበሩ። ልቤ እምቢ አለኝ። ዓምና ፍልሰታ ሲገባ ጸሎቴን አጠበብኩት። እናቱ «ልጄን ፈውሽልኝ» ስትል እኔ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ «እመቤቴ፣ እሺ ብቻ ይበል» እላለሁ። ሌላ አልጠየቅኩም። አከራዩ ሐጂም አልተኙም። ማታ ቡና አስፈልተው ዱዓ ያደርጋሉ። የልጁ እናት ማዕተቧን እንዳሰረች፣ እኔም ነጠላዬን እንዳጣፋሁ «አሚን» እንላለን። ሐጂ «አብሽሪ፣ አላህ አይረሳውም» ይሏታል። ወሎ ነውና ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ፍልሰታው ሊፈታ ሲል አንድ ጠዋት ልጁ ሱቄ መጣ። ዐይኑ ደም መስሏል። አልሰከረም ነበር። ለስላሳ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠና «እታለም፣ ደከመኝ። የምትዪው ቦታ ውሰጂኝ» አለ።

እሱ ያለው ይህን ብቻ ነው። እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። ያን ቀን ማንም አልለመነውም፣ ማንም አልተቆጣውም። ማን እንደላከው አውቃለሁ። ሱቁን ዘጋሁ። ሐጂ ባጃጅ ጠሩ።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ የደም ግፊቱን ለክታ፣ ጠያይቃ፣ ሪፈር ጽፋ ደሴ ሪፈራል ላከችን። እዚያ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ብዙ የደሴ ሰው ይህን አያውቅም!

ሐኪሙ እኛን ትቶ እሱን ጠየቀው። ምን ያህል ትጠጣለህ? መጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው? ስታቆም ወድቀህ ታውቃለህ? ቀጥሎ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ «መሞት ያምርሃል?» አለው። እኔ ደነገጥኩ። ልጁ ግን ከላዩ ሸክም የወረደለት መሰለ። «አዎ» አለ፣ አለቀሰም። ኋላ ሐኪሙ ሲነግረኝ፣ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም፤ ይልቅ በሽተኛው ብቻውን የያዘውን እንዲያወጣ ይረዳዋል።

ሌላም ነገር አስረዳን። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የጠጣ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያቆም ሊንዘፈዘፍ፣ ሊቃዥ፣ ሊሞትም ይችላል። ጸበሉ ቦታ የደረሰበት ያ ነበር። ስለዚህ አስተኙት። ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት ጀምረው ቀስ በቀስ እየቀነሱለት ሄዱ። ታያሚን የሚባለውን ቫይታሚንም ሰጡት፤ መጠጥ ከሰውነት ያሟጥጠዋል አሉ። ለድምፁ ሌላ መድኃኒት ታዘዘ። ድምፁን ጫቱና እንቅልፍ ማጣቱ አምጥተውት ይሆን ወይስ ራሱን የቻለ ሕመም ይሁን፣ ከሱሱ ጸድቶ ቆይቶ ነው የሚለየው ብለው ቀጠሮ ሰጡት።

ጸበሉንም አልተወም። ጠዋት ይጠጣል፣ ማታ ክኒኑን ይውጣል። ሁለቱ የተጣሉበት ቀን የለም።

በገና ሰሞን ወደቀ። ጓደኞቹ ጠሩት፣ ሄደ፣ ጠጣ። እናቱ «ጸሎታችን ባከነ» ብላ አለቀሰች። አልባከነም። በዚያው ሳምንት ማንም ሳይጎትተው ራሱ ሆስፒታል ሄደ። እኔ በፍልሰታ የለመንኩት እሺታ ለካ ለአንድ ቀን የተሰጠ አልነበረም።

አሁን በሰው ወርክሾፕ ተቀጥሮ ይበይዳል። እጁ አይንቀጠቀጥም። ድምፁ ጠፍቷል። ክኒኑን ገና አላቆመም። ሐኪሙ «ተሻለኝ ብለህ በራስህ እንዳትተው» ብሎታል፣ እሱም ይሰማል። ዘንድሮ መስከረም 21 ግሸን ስወጣ እሱም እናቱም አብረውኝ ነበሩ። መድኃኒቱን ኪሱ ይዞ ነው አምባውን የወጣው።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ አታስሩት። መጠጡንም በጉልበት ባንድ ቀን አታስጥሉት። ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱና ንገሯቸው፤ መንገዱን ያሳዩአችኋል። ሞት የሚያወራ ከሆነ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ውሰዱት። ሱባኤውንም ያዙ።

ለዚህ ቸርነት እግዚአብሔር ይመስገን፣ እመቤቴ ትመስገን። አንድ ልመና አለኝ። አብሮት ይቅም የነበረ አንድ ጓደኛው አሁንም እዚያው ነው፤ ሁለታችንም ስንለምነው እምቢ ብሎናል። በጸሎታችሁ አስቡልን።