መጀመሪያ ሰማዩን፣ ከዚያ ብሩሹን፦ የውሃ ቀለም ልምዴ

ሰላም የብሩሽ ጓደኞቼ! ዘንድሮ አዲስ ብሩሽ አልገዛሁም፣ ኮርስም አልወሰድኩም። የተለወጠው ዘዴ የምመርጥበት መንገድ ነው። ወረቀት ከመዘርጋቴ በፊት ሰማዩን አያለሁ። ጉም ካለ አንድ ዓይነት ሥዕል፣ ደረቅ ነፋስ ካለ ሌላ።

ክረምት ላይ የምወደው እርጥብ በእርጥብ ነው፤ በረጠበ ወረቀት ላይ እርጥብ ቀለም መቀባት ማለት ነው። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ባሕር ዛፉ መሃል ይገባል። ወረቀቱን በሰፊ ብሩሽ አርስና አልትራማሪን ሰማያዊን በርንት ሲየና ከሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ ጋር ደባልቄ ግራጫ አወጣለሁ። ሰማያዊው ሲበዛ የሩቅ ጋራ ይሆናል፤ ቡናማው ሲበዛ የቅርብ ግንድ። በነዚህ ሁለት ቀለሞች ብቻ የክረምትን ጠዋት መጨረስ ይቻላል። ጥቁር ቀለም ከቦርሳዬ ከወጣ ቆይቷል።

ዋናው ነገር ግን ሰዓቱን ማወቅ ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። ውሃው ላዩ ላይ ቆሞ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቀለሙ እንደፈለገ ይሄዳል። ለሰማይ ጥሩ ነው፣ ለዛፍ አይሆንም። ብልጭታው ደብዘዝ ብሎ ሳቲን ጨርቅ ሲመስል፣ ያኔ የሩቅ ዛፎች ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። ጠርዛቸው ይለሰልሳል፣ ቅርጻቸው ግን አይጠፋም። በዚህ ጊዜ ብሩሹ የያዘው ውሃ ወረቀቱ ላይ ካለው ማነስ አለበት። ከበለጠ ቀለሙን ገፍቶ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ፈዛዛ እድፍ ይተዋል። (እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዱ እድፍ እኔ ከሳልኩት ጉም ይበልጣል፤ አልነካውም።) ብልጭታው ጨርሶ ከጠፋ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ቀዝቀዝ ካለ ገና አልደረቀም። ያኔ እጅ ሰብስቦ መጠበቅ ነው።

መስከረም የአደይ አበባ ነው። እዚህ ላይ አበባውን ሳይሆን ዙሪያውን ነው የምስለው። መጀመሪያ ብሩህ ቢጫ በሰፊው እቀባና በደንብ እንዲደርቅ እተወዋለሁ። ከዚያ በጥቁር አረንጓዴ በአበቦቹ መካከል ያለውን ክፍተት እሞላለሁ። ቢጫው ራሱ እየወጣ ይመጣል። ለአበባው ጥላ ጥቁር እንዳትጨምሩ፤ ቢጫ ከጥቁር ጋር ሲገናኝ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ አበባውም የጠወለገ ይመስላል። ትንሽ በርንት ሲየና ይበቃዋል።

ኅዳር ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ሰማዩን ቀብታችሁ ሳትጨርሱ ዳር ዳሩ ይደርቅባችኋል። አንዱ መላ የወረቀቱን ጀርባም አርሶ ፕላስቲክ ላይ ማስተኛት ነው። ሌላው ግሊሰሪን ነው፤ ያው ፊታችንን የምንቀባው። የብሩሽ ማጠቢያው ውሃ ውስጥ ጠብ ማድረግ መድረቁን ያዘገያል። ከበዛ ግን ሥዕሉ ሲያጣብቅ ይከርማል።

እኔ ግን በበጋ ከአየሩ ጋር ባልታገል እመርጣለሁ። ደረቅ ብሩሽ የተፈጠረው ለዚህ ወቅት ነው። ብሩሹን ቀለም ውስጥ አጥቅሼ በሶፍት አደርቀውና አጋድሜ ሸካራ ወረቀት ላይ ፈጠን አድርጌ እጎትተዋለሁ። ቀለሙ የወረቀቱን ጉብታ ብቻ ነክቶ ያልፋል፣ ጎድጓዳው ነጭ ይቀራል። የባሕር ዛፍ ግንድ በዚህ ዘዴ ይወጣል። ቅርፊቱ በረዣዥሙ ተልጦ ሲንጠለጠል፣ ከሥሩ የሚታየው ፈዛዛ ግንድ ያው ያልተነካው ወረቀት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የለጋው ባሕር ዛፍ ቅጠል ክብ ቢጤና ብርማ ሰማያዊ ነው፤ የትልቁ ዛፍ ግን እንደ ማጭድ ይታጠፋል፣ አረንጓዴውም ይጠቁራል። ሁሉንም በአንድ አረንጓዴ የሚቀባ ሰው ዛፉን ጠጋ ብሎ አላየውም።

ስለ ወረቀት ባጭሩ፦ ከቀለም ቆጥባችሁም ቢሆን በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ግዙ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ቆራርጣችሁ በሁለቱም ፊት ተጠቀሙበት። ስስ ወረቀት ሲርስ ስለሚጨማደድ ውሃው ጎድጓዳው ላይ ይተኛል፤ ከላይ ያልኩት ብልጭታም አይነበብም።

ቀጥሎ መናገሻ ሱባ ጫካ ያሉትን የጽድ ዛፎች ልሞክር ነው። ግንዱን አልፈራውም። ያስቸገረኝ ከቅርንጫፉ የሚንጠለጠለው ግራጫ የዛፍ ሽበት ነው። ከጥቁሩ ጀርባ ፈዝዞ መውጣት አለበት፣ ክሩም በጣም ቀጭን ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ በብሩሽ እጀታ ጫር ጫር ማድረግ ይሻላል ወይስ ቀድሞ በመሸፈኛ ፈሳሽ (ቀለም እንዳይነካው ወረቀቱ ላይ ተቀብቶ በኋላ በሚላጠው) መያዝ? የሞከራችሁት ካላችሁ ሥዕሉን ጭምር አሳዩኝ።