የሰውን ጂኤኤምቲ በባክቴሪያ ማምረት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰሞኑን ጂኤኤምቲ የሚባለውን የሰው ኢንዛይም አጣርቼ ሥራውን መለካት ጀምሬያለሁ። በዚህ መስመር ለምትመጡ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

ክሬቲን ሰውነታችን ውስጥ የሚሠራው በሁለት እርምጃ ነው። በመጀመሪያ፣ በዋናነት ኩላሊት ውስጥ፣ ከአርጂኒንና ከግላይሲን ጓኒዲኖአሴቴት ይወጣል። ቀጥሎ ጉበት ውስጥ ጂኤኤምቲ ሳም ከሚባል ሞለኪውል ሜቲል የሚባለውን ትንሽ የካርቦን ቡድን ወስዶ ይጨምርበታል። ያኔ ክሬቲን ሆነ ማለት ነው፤ ጂም የምትሠሩ በዱቄት የምትገዙት ያው ራሱ።

ማጣራቱን ባጭሩ ልለፈው። ኢንዛይሙ 236 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ ክብደቱም ወደ 26 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ)። ጂኑን ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተን፣ ፕሮቲኑን ማምረት እንዲጀምር የሚያደርገውን አይፒቲጂ የሚባል ኬሚካል ጨምረን፣ ቀዝቀዝ ባለ ሙቀት አሳደርነው። ጫፉ ላይ የሂስቲዲን ጭራ (ሂስቲዲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ተደጋግሞ) ስላለው ኒኬል ላይ ይያዛል፤ ኢሚዳዞል በሚባል ኬሚካል ይለቀቃል። ፕሮቲኖችን በመጠን በሚለየው ጄል ላይ በቦታው ወፍራም መስመር ወጣ።

ግን ጄል ፕሮቲኑ መኖሩን እንጂ መሥራቱን አይናገርም። ጊዜዬን የበላው ይሄ ነው። ክሬቲን ቀለም ስለሌለው የምንከታተለው ሌላውን ውጤት ነው። ሳም ሜቲሉን ሲሰጥ ኤስኤኤች ይሆናል። ኤስኤኤች ከተጠራቀመ ደግሞ ኢንዛይሙን መልሶ ያፍነዋል። ስለዚህ ሁለት ረዳት ኢንዛይሞች እንጨምራለን። አንዱ ኤስኤኤችን ወደ ሆሞሲስቴይንና አዴኖሲን ይከፍለዋል። ሁለተኛው አዴኖሲኑን ይለውጠዋል፤ አለዚያ ነገሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሆሞሲስቴይኑ ከኤልማን ሪኤጀንት ጋር ሲገናኝ ቢጫ ይሆናል፤ በ412 ናኖሜትር እናነበዋለን። ቢጫው ቀስ በቀስ ሲደምቅ ማየት በጣም ደስ ይላል!

አንድ አደራ፦ ኢንዛይሙ ባለበት ፈሳሽ (ባፈር) ውስጥ ዲቲቲ ወይም ሜርካፕቶኢታኖል የሚባሉ ኬሚካሎች ካሉ ከመለካታችሁ በፊት አስወግዷቸው። እነሱም ኤልማንን ቢጫ ያደርጉታል። ጓኒዲኖአሴቴት የሌለበት መቆጣጠሪያ ትዩብም አይቅር። ሳም በራሱ ጊዜ የሚፈርስ ነገር ስለሆነ፣ ቢጫው ከኢንዛይሙ ሥራ መምጣቱን የምናረጋግጠው በዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የምደክምለት ምክንያት አለ። ጂኤኤምቲ የማይሠራላቸው ልጆች አሉ። በሽታው መጀመሪያ የተገለጸው በ1994 ጀርመን ውስጥ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። አንጎላቸው ክሬቲን ያጣል፤ ጓኒዲኖአሴቴት ይከማቻል። የሚጥል በሽታ ይይዛቸዋል፣ አፍ መፍታትም ይዘገይባቸዋል። ክሬቲንና ኦርኒቲን በመስጠት፣ አርጂኒን በመቀነስ ይታከማል፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ገና ከመነሻው ሲጀመር ነው። አሜሪካ በ2023 ለአራስ ሕፃናት ከሚመከሩት ምርመራዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባችውም ለዚህ ነው።

አራስ ሲመረመር ታዲያ ከዚህ በፊት ያልታየ የጂን ለውጥ ሊገኝ ይችላል። ጎጂ ነው አይደለም? ለውጡን የያዘውን ኢንዛይም ሠርቶ መለካት አንዱ የማወቂያ መንገድ ነው። እኔም አሁን ወደዚያ እየሄድኩ ነው። የምጀምረው ጎጂነቱ በሚታወቅ፣ ፖርቱጋል ውስጥ በሚበዛ ለውጥ ነው፦ 20ኛው ቦታ ላይ ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ ሴሪን በሚባል ሌላ የተተካበት። መለኪያዬ ጤነኛውንና ይሄኛውን በግልጽ ከለየልኝ፣ ወዳልታወቁት እሻገራለሁ።