«ጅቡቲ የማን ናት?»

«ጅቡቲን ሰማያዊ አድርጋትና እንጨርስ» አለኝ አለቃዬ።

ስለ ቀይ ባሕርና ስለ አፍሪካ ቀንድ ያዘጋጀነው ዘገባ በማግስቱ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። የቀረው ካርታው ብቻ ነበር። ሰማያዊ ከአሜሪካ ጋር፣ ቀይ ከቻይና ጋር። ሌላ ቀለም የለም።

«ለምን ሰማያዊ?»

«የአሜሪካ ጦር ሰፈር ካምፕ ሌሞኒዬ አለ። በፈረንጆቹ 2014 በታደሰው ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ያገኙበታል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«በ2017 የተከፈተው የቻይና ጦር ሰፈርስ?»

«እንግዲያው ቀይ አድርጋት።»

«ፈረንሳይም አለች እኮ። ጃፓንም፣ ጣሊያንም።»

መነጽሩን አወለቀ። «ወንድሜ፣ ጅቡቲ የማን ናት? አንዱን ንገረኝ።»

«የጅቡቲ።»

ቢሮው በሳቅ ሞላ። እኔ ግን የምሬን ነበር። አሁንም የምሬን ነው።

እስቲ አስቡት። በ2018 አሜሪካ «ከቻይና ጦር ሰፈር የተለቀቀ ሌዘር የአብራሪዎቼን ዓይን ጎዳ» ብላ ከሰሰች። ቻይና ካደች። ሁለቱ ተካሰሱ እንጂ አንዳቸውም ሰፈራቸውን ነቅለው አልሄዱም። ጅቡቲም ከሁለቱም ኪራይዋን መቀበሏን ቀጠለች። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ደግሞ የዶራሌን ኮንቴይነር ተርሚናል ከዱባዩ የወደብ ኩባንያ ከዲፒ ወርልድ ነጥቃ ወሰደች። ይህን የምታደርግ አገር በምን ሒሳብ ነው «የእገሌ ናት» የምትባለው?

አለቃዬ በዚህ የሚረታ ሰው አይደለም። «ጥሩ። የዱሜራውንስ ምን ትለዋለህ?» አለኝ። ዱሜራ ጅቡቲና ኤርትራ የሚወዛገቡበት የድንበር ቦታ ነው። ጥያቄው ከባድ ነበር። በ2017 ሳዑዲና አጋሮቿ ከኳታር ጋር ሲቆራረጡ ጅቡቲም ኤርትራም ወደ ሳዑዲ አዘነበሉ። ኳታር በሁለቱ ድንበር ላይ ያሰፈረቻቸውን ሰላም አስከባሪዎች ጠቅልላ አወጣች። ወዲያው የዱሜራ ውዝግብ አገረሸ። «አየህ? ዝሆኖች ሲጣሉ የሚረገጠው ሣሩ ነው» አለኝ።

ይህን ተረት አልወደውም። «ሣር ኪራይ አይደራደርም» አልኩት።

ደግሞ ዱሜራን እኔ የማየው በሌላ በኩል ነው። ኤርትራ ከ2007 ጀምሮ ራሷን የአካባቢው አገሮች ማኅበር ከሆነው ከኢጋድ አግልላ ነበር። ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ ላይ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ አልነበራቸውም። ስለዚህ ድንበራቸውን የሚጠብቅላቸው ከባሕር ማዶ የመጣ ወታደር ሆነ። እሱ ሲወጣ ቦታው ባዶ ቀረ። ለእኔ የአካባቢው ዕጣ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማን ጦር ሰፈር ከፈተ ከሚለው ይልቅ፣ ጎረቤታሞቹ ሲጣሉ የት ይነጋገራሉ የሚለው ይበልጥብኛል።

«ኢጋድ ለሱዳን ምን አደረገላት?» አለኝ። እዚህ ላይ አልተከራከርኩትም። ጦርነቱን አላስቆመም። ሱዳንም በጥር 2024 አባልነቷን አቋረጠች። በ2020 ሪያድ ላይ የተፈረመው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ምክር ቤትም ስምንት የባሕር ዳርቻ አገሮችን ነው የያዘው። አብዛኛው ንግዷ በጅቡቲ የሚያልፈው ኢትዮጵያ የለችበትም። ጠረጴዛው ደካማ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ድክመቱ ካርታው ላይ ካልታየ አንባቢው እንዴት ይወቀው? ሁለት ቀለም ብቻ ያየ ሰው፣ ጉዳዩ ዋሽንግተንና ቤጂንግ ላይ የሚያልቅ ይመስለዋል። ከልቤ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የእኛው አገሮች በገዛ አካባቢያቸው እንደ ዕቃ ይቆጠራሉ።

ካርታው ጅቡቲን ሰማያዊ አድርጎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ረቂቅ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው አገሮቹ እርስ በርሳቸው የተፈራረሙትን ነው። ለብቻው ዓምድ እሠራለታለሁ። ብዙ ጊዜ ዓምዱ ከነባዶነቱ ይቀራል። ባዶነቱም ይታተም እላለሁ። አለቃዬ ቦታ ይፈጃል ይለኛል። እስካሁን አልተስማማንም።