ለትንንሽ ልጆች ኮራልን እንዴት እንዳስተማርኩ

የምሠራው በእስራኤል ደቡብ ጫፍ ባለችው ኤላት ከተማ ውስጥ፣ በአንድ መዋእለ ሕፃናት ነው። ልጆቹ 4 እና 5 ዓመታቸው ነው። ቀይ ባሕር ደጃቸው ላይ ነው። ሙሴ ሕዝቡን ያሻገረበት ባሕር መሆኑን ከቤታቸው ሰምተዋል፤ ከውሃው ሥር ምን እንደሚኖር ግን ብዙዎቹ አያውቁም ነበር፣ ኮራልም ድንጋይ ነበር የሚመስላቸው። እኔም ከዚሁ ጀመርኩ። ኮራል እንስሳ ነው፣ አፍ አለው፣ ይበላል አልኳቸው።

በወሬ ብቻ ግን አይገባቸውም። ስለዚህ ሊጥ አቦካን። እያንዳንዱ ልጅ ትንሽ ድቡልቡል ሠራ፣ መሐሉን በጣቱ ጎድጎድ አድርጎ አፍ አወጣለት፣ ዙሪያውን ክር ሰክቶ እጅ አበጀለት። ብዙ ኮራሎች እነዚህን እጆች ማታ ማታ ዘርግተው በውሃው የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን እየያዙ ይበላሉ። ከዚያ የሁሉንም አንድ ላይ አጣበቅን። አንዷ "የኔ የቱ ነው?" እያለች ብትፈልግ ልትለየው አልቻለችም፤ ኮራል ማለት በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ተጣብቀው የሚኖሩ እንስሳት መሆናቸው የገባቸው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ቀለሙ። በኮራል ሥጋ ውስጥ አልጌ የሚባሉ፣ እንደ ተክል በብርሃን የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ይኖራሉ። በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠሩና ለኮራሉ ያካፍላሉ፤ ኪራዩን በምግብ የሚከፍል ተከራይ በሏቸው። ልጆቹ ቡናማና አረንጓዴ የወረቀት ቁራጮች ሊጡ ላይ ለጠፉ። "አሁን ውሃው በጣም ሞቀ" ስላቸው አንድ በአንድ አነሱት፣ ነጩ ሊጥ ብቻ ቀረ። "ሞተ?" አሉኝ። ገና ነው፣ ርቦታል አልኳቸው። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌዎቹ ይመለሳሉ፣ ሙቀቱ ከቆየ ግን ይሞታል።

እዚያ ላይ አቆማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሳይንቲስቶች በዓለም ዙሪያ ኮራል እየነጣ መሆኑን፣ በዓለም ደረጃ እንዲህ ሲሆንም ለ4ኛ ጊዜ እንደሆነ አስታውቀዋል፤ እሱን ተሸክሞ እንዲተኛ የ5 ዓመት ልጅ ላይ መጫን ግን ልክ አይመስለኝም። መጀመሪያ ይውደዱት። ደግሞም ኤላት ያለችበት የቀይ ባሕር ክንድ፣ የኛ የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ኮራሎች ከብዙ ቦታ ኮራሎች የተሻለ ሙቀት ይችላሉ፣ ይሄንን ስነግራቸው በጣም ነው የሚኮሩት። ከሚረግጣቸው እግርና ከፕላስቲክ ግን ይህ አያድናቸውም።

ለእግሩ ነገር ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ማስመሪያ ነው። የልጆቹን ቁመት ግድግዳ ላይ ምልክት አድርገን ነበር፣ በዓመት 6 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋሉ። ክብ ድንጋይ የሚመስለው የኮራል ዓይነት ግን በዓመት 1 ሴንቲሜትር አካባቢ ቢያድግ ነው። ታዲያ ትልቅ የሆነው ስንት ዓመቱ ነው? አልኳቸው። አንዱ "ከእማዬ ይበልጣል!" አለ። ከዚያ ወዲህ "አትርገጡ" ብዬ መጮህ አላስፈለገኝም፣ እርስ በርሳቸው ይቆጣጠራሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የባሕር ውስጥ መመልከቻው የወሰድኳቸው። ደረጃውን ወርደው በመስኮት ሲያዩ ነገሩን ያውቁት ነበር። ባለሁለት ነጭ መስመሩን ዓሣ አኔሞኒ በሚባለው አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ ውስጥ ሲደበቅ አዩት። በቀቀን ዓሣ ኮራሉን እየቆረጠመ ካካው አሸዋ ሆኖ ይወጣል ያልኳቸውን ደግሞ አሁንም ድረስ ለሰው ሁሉ ይናገራሉ።

ለወላጆች የምለው ትንሽ ነው። ዛጎል ከባሕር ዳር አታንሱ፣ ዛጎል ውስጥ የሚኖር ሸርጣን ቤቱ እሱ ነውና። ለዓሣ ዳቦ አትወርውሩ። አንዳንድ የፀሐይ ክሬም ኮራል የሚጎዳ ኬሚካል ስላለበት፣ ልጁን እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ብታለብሱት ክሬሙም ይቀንሳል፣ ቆዳውም ይጠበቃል።

ኢትዮጵያ፣ ባሕር ዳር ከተማ የምታስተምር ጓደኛዬ "እኛ ባሕር የለን፣ ምን ላድርግ?" ብላኝ ነበር። ሊጡና ማስመሪያው የትም ይሠራል። እኔ ብሆን ግን ከኮራል አልጀምርም፣ ከጣና ነው የምጀምረው፤ ሌላ የትም የማይገኙ ዓሦች እዚያ አሉ። ዐባይም ከጣና ወጥቶ ሜዲትራኒያን ድረስ ይሄዳል፣ ስለዚህ ካርታ ዘርግታ ልጆቹ መንገዱን በጣታቸው እንዲከተሉ ብታደርግ ከባሕሩ ራሳቸው ይደርሳሉ።