የእንጨቱ ዱላ

ዛሬ ልጄን ይዤ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ወደሚገኝ የቤዝቦል መለማመጃ ሄድን። በመጪው መስከረም ሃይስኩል ይገባል። ሁለት ዱላ ይዘናል፤ አንዱ የእንጨት፣ ሌላው የድሮው የአሉሚኒየም።

በአሉሚኒየሙ ሲመታ "ጥንንግ!" ይላል፣ ኳሷም ከኋላው መረብ ላይ ትለጠፋለች። በእንጨቱ ግን ትንሽ ከሳተ እጁን ይነዝረዋል። መዳፉን እያፍተለተለ ሲያየኝ አንጀቴን በላው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሉሚኒየሙ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ኳሷ ስታርፍበት ገባ ይልና መልሶ ይገፋታል። እንጨት ግን አይበገርም፤ ኳሷ ራሷ ትጨፈለቅና ብዙ ጉልበቷን እዚያው ትጨርሳለች። ቀላል ዱላ ደግሞ ቶሎ ይወነጨፋል። ትልቁ የአሜሪካ የቤዝቦል ውድድር፣ ሜጀር ሊግ፣ ከእንጨት ሌላ አይፈቅድም። ሃይስኩሎችም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብረቱ ዱላ ከእንጨቱ እምብዛም እንዳይበልጥ ገደብ አበጅተዋል። ስለዚህ የድሮው ዱላ እዚያ አያስገባውም።

ልጅ ሆነን ለገና ጨዋታ ቆልመም ያለ እንጨት ፍለጋ ስንዞር የምንውለው ትዝ አለኝ። ሩሯን የሚያርቀው ጉልበት ብቻ እንዳልሆነ ያኔም እናውቅ ነበር።

ልጄ የመጨረሻዎቹን ሃያ ኳሶች በእንጨቱ መታ። አንዷን መሀል ለመሀል አገኛት። "አባዬ፣ ሰማሃት?" አለኝ። ሰምቻታለሁ።