ደጋኑ ከክሮቹ መሃል አይወጣም

ሻንጋይ የሄድኩት የሙዚቃ ቅንብር ልማር ነው። ለቻይና ባህላዊ ኦርኬስትራ መጻፍ ቀላል መስሎኝ ነበር። የቫዮሊኑን ክፍል በደጋን ለሚመታው ባለ ሁለት ክር ኧርሁ፣ የፍሉቱን ለቀርከሃው ዋሽንት ለዲዚ መስጠት ነው ብዬ ነው የጀመርኩት።

በመጀመሪያ ሥራዬ ለኧርሁ ሁለት ድምፅ በአንዴ ጻፍኩ። ልምምድ ላይ አንዲት ተጫዋች ወረቀቱን አየችና መሣሪያዋን ወደ እኔ አዞረችው። የደጋኑ ጭራ በሁለቱ ክሮች መሃል ነው ያለው። ወደ ራሷ ስትስበው አንዱን ይነካል፣ ወደ ውጭ ስትገፋው ሌላውን። "ታዲያ ሁለቱን እንዴት ላስጩኸው?" አለችኝ። ማሲንቆ እያየሁ አድጌ ይህን ሳላስተውል መቅረቴ በጣም አሳፈረኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜዬን ተጫዋቾች አጠገብ ተቀምጬ አሳለፍኩ። የዲዚ ተጫዋቹ ከመቃ ውስጥ የወጣች ስስ ልባስ በነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ቀዳዳው ላይ ሲለጥፍ አየሁ። ያ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። ቦርሳው ውስጥ ደግሞ ለየቁልፉ፣ ማለትም ለየመነሻ ድምፁ፣ የተሠሩ ብዙ ዲዚዎች አሉት። እኔ ግን ሙዚቃው ቁልፍ ሲቀይር አንዱን አስቀምጦ ሌላውን የሚያነሳበት ፋታ አልሰጠሁትም ነበር። አሁን ሁልጊዜ እረፍት እተውለታለሁ።

የመሣሪያዎቹን የድምፅ ሚዛን መጠበቅ ዓመታት ወሰደብኝ። ሱኦና የሚባለው ጡሩንባ መሰል መሣሪያ አንዱ ብቻውን ኧርሁዎቹን በሙሉ ይውጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ቤጂንግ ውስጥ የተቋቋመውን የሬዲዮ ኦርኬስትራ ለረጅም ጊዜ የመራውን የፐንግ ሺዩወንን ኖታ በእጄ ጽፌ እየገለበጥኩ ነው የተማርኩት። ብዙ ቧንቧ ያለውን የአፍ መሣሪያ፣ ሸንግን፣ የወደድኩትም ያኔ ነው። ሲተነፍሱበትም ሲስቡበትም ይጮኻል፣ ብዙ ድምፅ በአንዴ ይይዛል፤ የተበታተነውን ሁሉ ያያይዛል።

ሰዎች "የእናንተም ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፣ አይከብድህም" ይሉኛል። እውነት ነው፣ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ከቻይናው ጎንግ ቅኝት ጋር አንድ ናቸው። ግን ድምፁን እያንሸራተቱ የሚደርሱበት መንገድ ለየቅል ነው። ትዝታን የለመደው ጆሮዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያሳስተኝ ኖሯል።

እንጀራዬ በብዛት ከትልልቅ ኦርኬስትራዎች አይመጣም። ለተማሪዎችና ለአማተር ቡድኖች አቀናብራለሁ። ብዙዎቹ የሚያነቡት ከ1 እስከ 7 ባሉ ቁጥሮች የሚጻፈውን ኖታ ነው። በቅርቡ አንድ ልጅ 5 ቁጥርን በእርሳስ አክብቦ "ይሄ ስንት ይቆያል?" አለኝ። ማስረዘሚያውን ሰረዝ ረስቼው ነበር። እዚያው ቆሜ ጻፍኩለት።